ሐዋርያው በዳሞት ምድር

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት የሚታሰብበት ዕለት ነው። ምእመናን በዚህ በዓል አብዝተው የሚያነሡት የደብረ ሊባኖስን ዋሻና በጸሎት ቁመት ብዛት የተሰበረችውን እግራቸውን ነው። ከወላይታ ሶዶ ከተማ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራ ስም ግን ሌላውን የሕይወታቸውን ምዕራፍ ያስታውሳል።

ገድላቸው እንደሚያስረዳው፣ ታሪኩ የሚጀምረው ጻድቁ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ካህኑ ጸጋ ዘአብና ባለቤታቸው እግዚእ ኃረያ በሸዋ፣ በጽላልሽ ይኖሩ ነበር። የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ አገሩን በወረረ ጊዜ ጸጋ ዘአብ ከሞት ለጥቂት አመለጡ፤ እግዚእ ኃረያ ግን ተማርከው ተወሰዱ። ንጉሡም ውበታቸውን አይቶ ሊያገባቸው የሠርግ ዝግጅት አዘዘ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ነጥቆ ወደ ባላቸው እንደመለሳቸው ገድሉ ይተርካል። ከዚህ በኋላ ታኅሣሥ 24 ቀን ጻድቁ ተወለዱ፤ የሕፃንነት ስማቸውም ፍሥሐ ጽዮን ነበር።

አድገው መዓርገ ክህነት ተቀበሉ። አንድ ቀን ለአደን በወጡበት ዱር ጌታ ተገልጦ ተክለ ሃይማኖት ብሎ ለሐዋርያነት ስለ ጠራቸው፣ ሀብታቸውን ለድሆች ሰጥተው፣ የቤታቸውን ደጅ እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ።

በመጀመሪያ በካታታ አስተማሩ፤ ከዚያም ወደ ዳሞት ተሻገሩ። ለሌላ ሰባኪ ይህ አንድ ተጨማሪ አገር በሆነ ነበር። ለእሳቸው ግን እናታቸውን የማረከው ሰው ደጅ ነበር። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለ በደል የተፈጸመበት ቤት ልጅ የሚሄደው ደም ሊመልስ ነው፤ እሳቸው የሄዱት ሊያስተምሩ ነው። ሞተለሚም ተቆጥቶ ከገደል አስጣላቸው፤ ሆኖም ዳኑ። ከብዙ ድካም በኋላ ንጉሡ አመነ፤ አጠመቁትም። ከገደሉ ተአምር ይልቅ ይህ ጥምቀት የሚበልጥ ይመስለናል። ማራኪና የተማረኪዋ ልጅ ከአንድ ማዕድ ተቀርበዋልና።

ከዳሞት በኋላ ጻድቁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ፣ ቀጥሎም በደብረ ዳሞ ኖሩ። ወደ ሸዋ ተመልሰውም ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። በማኅበሩ የመጀመሪያ ዘመን መነኮሳትና መነኮሳይያት አብረው ይኖሩ እንደ ነበር ገድሉ ያወሳል። በ1300 ዓ.ም. አካባቢ እዚያው ዐረፉ።

የታሪክ ሊቃውንት የጥንቱን የዳሞት መንግሥት ከዓባይ ደቡብ፣ ከሸዋ ምዕራብ ያደርጉታል። የወላይታ አፈ ታሪክ ግን ሞተለሚን ከራሱ ነገሥታት ይቆጥረዋል፤ የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥትም የሚነሣው ከእሱ ነው ይላል። በወላይታ የሚገኘው የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያንም ከጻድቁ ስብከት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ይህ ትውፊት ለወላይታ ክርስቲያን ትንሽ ነገር አይደለም። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል ነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ሲተከሉ፣ ሃይማኖቱ ከድል አድራጊው ጋር የመጣ የሌላ ሰው ንብረት ሊመስል ይችል ነበር። በሞተለሚ ታሪክ መሠረት ግን ጥምቀቱ ከዚያ ጦርነት ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ የተቀበለውም የወላይታ የገዛ ንጉሡ ነው።