በጫማና በጠመንጃ የተፈተኑት መሐንዲስ፦ ከአንኮበር እስከ ለገሃር

አዲስ አበባ፦ ከካዛንቺስ ቀና ብሎ ለተመለከተ፣ የታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ከፊቱ ይቆማል። ቁልቁል ወርዶ ፍልውኃን አልፎ ለተጓዘ ደግሞ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ለገሃር ይቀበለዋል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ፋሽስት ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ለገሃርም ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ስም ነው። ሠፈሮቹ ዛሬ በኮሪደር ልማት መልካቸው ተቀይሯል። መንገዱ ሰፍቷል፤ አሮጌው ቤት በአዲስ ተተክቷል።

ኮረብታውንና ጣቢያውን ግን አንድ ሰው ያገናኛቸዋል። ለቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውኃ ያስገቡት፣ ለገሃር ለደረሰው ባቡርም የመጀመሪያውን ፈቃድ የተቀበሉት እኒሁ ሰው ናቸው። ሀገራቸው ስዊዘርላንድ፣ ሙያቸው ምሕንድስና፣ ስማቸው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢትዮጵያውያን ሙሴ ኢልግ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። የኢትዮጵያ ሕይወታቸው የተጀመረው ግን በባቡርም በውኃም አልነበረም። ንጉሡ በእጃቸው እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጫማና ጠመንጃ ነበር።

አልፍሬድ ኢልግ የተወለዱት በ1846 ዓ.ም በስዊዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ነው። ከትምህርት አዳራሽ በፊት የብረት ሥራን በእጃቸው የተማሩ ሰው ነበሩ። ኋላም በዙሪክ ስሙ የታወቀውን ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ምሕንድስና አጠኑ። መዶሻ የጨበጠ እጅና ስሌት የሚያውቅ አእምሮ በአንድ ሰው ተገናኙ። ይህ መገናኘት በኋላ ሕይወታቸውን ወሰነው።

በዚያ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ጥሪያቸው በኤደን ወደብ በሚነግዱ ስዊዘርላንዳውያን በኩል ዙሪክ ደረሰ። ኢልግ በ1870 ዓ.ም ከሁለት የሀገራቸው የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ። ባሕሩን ተሻገሩ፤ ከባሕሩ ዳርቻም ተነሥተው በአፋር በረሃ አቆራረጡ። ቆላውን ጨርሰው ደጋውን ሲወጡ፣ በ1871 ዓ.ም በብርዳማው የአንኮበር ተራራ ከንጉሡ ፊት ቀረቡ። ዕድሜያቸው 25 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ንጉሡ ሥራ ወዳድ ነበሩ። አዲስ ነገር ሲያዩ አያልፉም። ሰዓትም ይሁን ጠመንጃ፣ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቁ ዐርፈው አይቀመጡም። ስለዚህ እንግዳውን በወረቀቱ ሳይሆን በእጁ ሊመዝኑት ወደዱ። እንደሚተረከው፣ መጀመሪያ ያዘዙት አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሰፉላቸው ነበር። መሐንዲሱ ጫማ ሰፊ አልነበሩም፤ ትእዛዙን ግን አልመለሱም። ቆዳ ቆርጠው፣ ሰፍተው አቀረቡ። ንጉሡም ተደሰቱ።

ሁለተኛው ትእዛዝ ከፊተኛው የከበደ ነበር። ንጉሡ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ኢልግ በትሕትና ተከራከሩ። ከአውሮፓ ፋብሪካ የሚመጣው ጠመንጃ ዋጋው ያነሰ፣ ጥራቱም የላቀ መሆኑን አስረዱ። ንጉሡ ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። የፈለጉት ጠመንጃውን ብቻ አልነበረም። በሀገራቸው አፈር ላይ ቆሞ ጠመንጃ መሥራት የሚችል እጅ መኖሩን ማየት ነበር የፈለጉት።

ገበሬ ብረት ሥራን ከማረሻው ያውቀዋል። ማረሻ ጥቂት ቢያጋድል ገበሬው እጁን አክብዶ ያርቀዋል። ጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። የአፈሙዙ ውስጥ ከቀጥታ ካልወጣ ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። ባሩዱ የሚቃጠልበት ክፍል ከሳሳ ደግሞ የሚጎዳው ተኳሹን ነው። ቃታውን የሚመልሰው ሞላ ብረቱ ሲጠነክር ይሰበራል፤ ሲላላ ይተኛል። ሰደፉም ከትከሻ ጋር የሚስማማ፣ የማይሰነጠቅ እንጨት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አውሮፓ በእንፋሎት በሚሽከረከር መሣሪያ ይሠራው ነበር። በአንኮበር ግን የነበረው ወናፍ፣ መዶሻ፣ ሞረድና ትዕግሥት ነው።

ኢልግ ከብዙ ልፋት በኋላ ጠመንጃውን ሠርተው አቀረቡ ይባላል። ጠመንጃው ጦር ሜዳ አልወረደም፤ የጦርነትንም ዕድል አልቀየረም። የቀየረው በንጉሡና በመሐንዲሱ መካከል የነበረውን ርቀት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኒልክ ሰውየውን አመኑ።

የንጉሡ ጥያቄ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ምኒልክ በልጅነታቸው 10 ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ኖረዋል። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስፈሉ ንጉሥ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የጋፋት ልጅ ነው። አምሳያው ዛሬ በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ ይታያል። ቴዎድሮስ የሞከሩትን፣ ምኒልክ በሌላ መንገድ ሊደርሱበት ፈለጉ።

ዘመኑም ያስገድድ ነበር። ከአውሮፓ የሚገባው ጠመንጃ በበዛ ቁጥር የአማርኛ ቃላትም አብረው በዙ። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር የተባሉት ስሞች ከውጭ ሠሪዎች ስም የተወሰዱ ናቸው። ውጅግራ ግራ ከተባለው ፈረንሳዊ መኮንን ስም የወጣ ነው፤ ጠመንጃውም በ1860ዎቹ የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ዓይነት ነበር። በስሞቹ ውስጥ ግን አንድ እውነት ተደብቋል። ሀገሬው ይታጠቅ ነበር እንጂ አይሠራም ነበር። የሚሸጥ ወዳጅ ሲኖር መሣሪያ ይገኛል፤ ወዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ይጠፋል።

የንግዱ ሌላ ገጽታ በ1879 ዓ.ም ታየ። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ። ንጉሡ የዕቃውን ደረጃ ዐውቀው በዋጋ ተከራከሩ፤ ነጋዴውም ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። ኢልግና ራምቦ ኋላ ለዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። የጠመንጃን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ንጉሥና ጠመንጃ በእጁ የሠራ አማካሪ ባሉበት ግቢ፣ አሮጌን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ቀላል አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታው በሬዎቹን ጨረሰ፤ ማሳው ያለ ጥማድ ቀረ። ጠመንጃ የሞላበት ሀገር ማረሻ የሚጎትት በሬ አጣ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝባቸው አርአያ ሆኑ። በዚያ የመከራ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፈው ብረት ዶማና መቆፈሪያ ነበር።

የኢልግም ሥራ ከጠመንጃ ወደ ኑሮ ዞረ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። ግንዱ በሰው ትከሻ ተጓጉዞ፣ ብረቱ በእጅ ተቀጥቅጦ ወንዙ ተሻገረ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም በ1880ዎቹ አጋማሽ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረዱ። ውኃ በእንስራ ብቻ የሚያውቀው የከተማው ሰው፣ ቱቦው ሲያፈስ ባየ ጊዜ ተደነቀ። በ1886 ዓ.ም ደግሞ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለውን ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበሉ። በ1889 ዓ.ም፣ ከዐድዋ ድል ማግስት፣ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። አማርኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ስለነበር፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረገው ድርድር የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ሆኑ።

የባቡሩ መንገድ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። ገንዘብ ከውጭ ሲመጣ የውጭ መንግሥታት እጅም አብሮ መጣ፤ የባቡሩ ባለቤትነት የፖለቲካ ክርክር ሆነ። ኢልግም በዚህ ክርክር መካከል ደከሙ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን ተሰናብተው ወደ ዙሪክ ተመለሱ።

እርሳቸው በሄዱበት ሰሞን፣ በ1900 ዓ.ም፣ ዐፄ ምኒልክ አንድ አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ ነበር። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ከአውሮፓ የመጣ መሐንዲስ ብረት ሲቀጠቅጥ ይከበራል፤ በመንደሩ ውስጥ ያንኑ ብረት የሚቀጠቅጠው ግን ቡዳ እየተባለ ከሰው ይገለላል። ልጁን ለሙያው ማስተማር ለልጁ ስድብ ማውረስ ይሆንበታል። በአንኮበር ወናፍ ሲነፉ፣ በአዋሽ ዳር ምስማር ሲቀጠቅጡ የነበሩ እጆች ሁሉ የኢልግ ብቻ አልነበሩም። የእርሳቸው ስም በታሪክ ተጽፏል፤ የረዳቶቻቸው ስም ግን ከፍሙ ጋር ጠፍቷል።

አልፍሬድ ኢልግ በ1908 ዓ.ም በዙሪክ ዐረፉ። ዐፄ ምኒልክ ቀድመዋቸው በ1906 ዓ.ም አርፈው ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ያለሙት ንጉሥም ያቀዱት መሐንዲስም ፉጨቱን አልሰሙም። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎች ዛሬም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። አሁን የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ከዚያም በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም ነው።

በአንኮበር የተነሣው ክርክር ግን ከሁለቱም ሰዎች በላይ ዕድሜ አገኘ። መሐንዲሱ መግዛት ይሻላል ሲሉ በዋጋ ትክክል ነበሩ። ንጉሡ እዚሁ ይሠራ ሲሉ ደግሞ በዘመን ትክክል ነበሩ። ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲወር፣ የአውሮፓ መንግሥታት በጣሊያንም በኢትዮጵያም ላይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ እገዳ ጥለው ነበር። ጣሊያን ፋብሪካ ነበራት፤ እገዳው አልከበዳትም። ኢትዮጵያ የምትታጠቀው ገዝታ ነበርና ጉዳቱ የእርሷ ሆነ። ርካሹ ጠመንጃ በሚያስፈልግበት ቀን በማናቸውም ዋጋ አልተገኘም።

ይህ የጠመንጃ ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ገበሬው የሚዘራበት ማዳበሪያ፣ ኢልግ ሐዲድ ለመዘርጋት በተፈቀደላቸው በዚያው በጅቡቲ በኩል ከውጭ ይገባል። የትራክተሩ መለዋወጫም እንዲሁ። መርከብ ሲዘገይ ዝናቡ አይጠብቅም። ከውጭ መግዛት ክፋት የለውም፤ ኢልግም ያሉት ይህንኑ ነው። ክፋቱ መሥራት የሚችለውን እጅ ሳያሠለጥኑና ሳያከብሩ፣ በመግዛት ብቻ መኖር ነው።

በገጠሩ ዛሬም ወናፍ ይነፋል። ማረሻ የሚያሾሉ፣ ማጭድ የሚሞርዱ፣ የተሰበረ የጋሪ ብረት የሚጠግኑ ቀጥቃጮች አሉ። ገበሬው በክረምት መግቢያ ደጃቸውን ይጠናል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ስማቸውን ለማክበር ይሰስታል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል፤ በየመንደሩ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰም።

ለገሃርን ተሻግሮ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ መንገደኛ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ቧንቧው ሲያስብ ያንን የአንኮበር ጠመንጃም ያስታውስ። ንጉሡ ከመሐንዲሱ የጠየቁት አንድ ጠመንጃ ነበር። ለትውልድ የተዉት ጥያቄ ግን፣ ቀጣዩን የሚሠራው እጅ ከየት ይምጣ የሚል ነው።