የምድርን እንፋሎት መብራት ያደረጉት መስፍን

ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ በኢጣሊያ አገር፥ በፊሬንዜ ከተማ፥ በ1865 ዓ.ም. ከመኳንንት ወገን ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ባለቤታቸው የላርዴሬል ቤተሰብ ልጅ ነበሩ። ይህም ቤተሰብ በቶስካና፥ የሰይጣን ሸለቆ በተባለው ምድሩ እንፋሎት በሚተፋበት ስፍራ፥ ቦሪክ አሲድ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበረው፤ ውሃውንም የሚያፈላው በዚያው እንፋሎት ነበር።

መስፍኑ ግን እንፋሎቱ ከዚህ የበለጠ ሥራ እንዲሠራ አሰቡ፤ አገራቸው የድንጋይ ከሰል እጅግ ያነሳት ነበረችና። በ1904 ዓ.ም. በእንፋሎቱ ትንሽ ሞተር፥ በሞተሩም ዲናሞ አዙረው አምስት አምፑል አበሩ። አምስት አምፑል ለአንድ ሰፊ ቤት እንኳ አይበቃም፤ ቢሆንም በምድር ሙቀት ከተገኘ ኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው መብራት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የገጠማቸው ችግር ከፊተኛው ይከብድ ነበር። ከምድር የሚወጣው እንፋሎት ብረት የሚበላ ነገር የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ በ1913 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ250 ኪሎዋት ጣቢያ፥ የምድሩ እንፋሎት ንጹሕ ውሃ እንዲያፈላ ብቻ ተደረገ፤ ተርባይኑን የሚያዞረውም ከንጹሑ ውሃ የሚወጣው እንፋሎት ሆነ። በእኔ አስተያየት ከአምስቱ አምፑል ይልቅ የሚደነቀው ይህ ዘዴ ነው።

መስፍኑ በ1939 ዓ.ም. ሞቱ። በ1944 ዓ.ም. የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ጣቢያዎቹን አፈራረሰ፤ ነገር ግን የምድሩ ሙቀት ስላልጠፋ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠሩ፤ ላርዴሬሎ ዛሬም ኤሌክትሪክ ይሰጣል።