ፈርዲናንድ ብራውንና የኮረንቲ ኬላ

ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በጀርመን አገር ፉልዳ በተባለች ከተማ በ1850 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተወለደ። በማርቡርግና በበርሊን ተምሮ በ1872 የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ በላይፕሲሽ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1874 ጋሌና የተባለውን የእርሳስ ማዕድንና የመሳሰሉትን በሽቦ ጫፍ እየነካ ኮረንቲ ሲያሳልፍባቸው እንግዳ ነገር ተመለከተ። ኮረንቲው በአንድ በኩል በቀላሉ ያልፋል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ግን ይታገዳል። ይኸውም ከታወቀው ከኦም ሕግ ውጭ ነበረ። ግኝቱ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ ሬዲዮ በመጣ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ።

ብራውን በ1897 በስትራስቡርግ ሳለ የኤሌክትሪክን መወዛወዝ ለዓይን የሚያሳየውን ቱቦ ሠራ፤ የቴሌቪዥን መስተዋት የተወለደው ከዚሁ ነው። በ1909 ስለ ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሥራው ከማርኮኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1914 በፈጠራ መብት ክርክር ሊመሰክር ወደ ኒውዮርክ ቢሻገር ጦርነቱ መንገዱን ዘጋበት። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱን ስትገባ የጠላት አገር ሰው ሆነ፤ በሚያዝያ 1918 ሰላም ሊወርድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በብሩክሊን አረፈ።

የእሱ ድንጋይ የዛሬው ዳዮድ አባት ነው። ዳዮድ ተለዋዋጩን ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ኬላ ነው፤ ነገር ግን ቀረጥ ይቀበላል። የሲሊከን ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል። በ3.3 ቮልት 10 አምፔር ለሚሰጥ መሣሪያ፣ ማለት 33 ዋት ለማድረስ፣ 7 ዋት በሙቀት ይባክናል።

ስለዚህ መሐንዲሶች በዳዮዱ ቦታ ትራንዚስተር አቆሙ። መቋቋሙ 0.005 ኦም ቢሆን በ10 አምፔር 0.05 ቮልት ብቻ ያስቀራል፤ ብክነቱም ግማሽ ዋት ይሆናል። ትራንዚስተሩን ለማዘዝ ጥቂት ኃይል ቢወጣም ትርፉ ይበልጣል። ችግሩ ግን ዳዮድ በራሱ ሲዘጋ፣ ትራንዚስተር በር ጠባቂ ይሻል፤ ከኮረንቲው ጋር እኩል ተከፍቶ እኩል ካልተዘጋ፣ ያለፈው ኮረንቲ ተመልሶ ይፈስሳል።

እንግዲህ በቤተ ሙከራ የምንደክም ተማሪዎች ይኽንን እናስብ። ብራውን ድንጋዩን ሲነካ ለምን እንደሚጠቅም የነገረው አልነበረም። ያየውን በትክክል ጻፈ፤ ትርጉሙንም የኋላው ትውልድ አገኘለት።