ካንቶሮቪችና የውጤት ሠንጠረዡ

የሊዮኒድ ቪታሊየቪች ካንቶሮቪች ስም በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው በአመዛኙ ከስሌት ዘዴው ጋር ተያይዞ ነው። የስሌቱ ውጤት በምን ዓይነት ሠንጠረዥ ይቀርብ እንደነበር የሚያነሡ ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ የኢኮኖሚ ሥራው ለሃያ ዓመታት ያህል ከአደባባይ የራቀበት ዋነኛ ምክንያት ዘዴው ሳይሆን፣ በውጤቱ ውስጥ ከምርት ዕቅዱ ጎን የሚቆሙ ጥቂት ቁጥሮች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካንቶሮቪች በ1912 በሴንት ፒተርስበርግ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። በ14 ዓመቱ ሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1930፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ትምህርቱን አጠናቀቀ፤ በ1934 ደግሞ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኘ። የወጣትነት ሥራዎቹ በስብስብ ንድፈ ሐሳብና በፈንክሽናል አናሊስስ ላይ ያተኮሩ ንጹሕ የሒሳብ ጥናቶች ናቸው።

በ1938 የኮምፔንሳቶ አምራች ድርጅት ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ምክር ፈልገው መጡ። ግንድ የሚልጡ 8 ማሽኖችና 5 ዓይነት ጥሬ እንጨቶች ነበሯቸው። እያንዳንዱ ማሽን በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ያለው ምርታማነት የተለያየ ነው፤ የምርቱ ስብጥር ደግሞ አስቀድሞ ተወስኗል። የቀረበው ጥያቄ የማሽኖቹ ጊዜ እንዴት ቢከፋፈል ጠቅላላው ምርት ከፍተኛ ይሆናል የሚል ነበር። አማራጮቹን አንድ በአንድ በእጅ አስልቶ ማወዳደር የማይሞከር ነበር። ካንቶሮቪች ግን ተመሳሳይ መዋቅር ያላቸው ጥያቄዎች በልዩ ልዩ የኢንዱስትሪ ዘርፎች እንደሚገኙ አስተዋለ፤ በ1939ም የምርት አደረጃጀትንና ዕቅድን በሒሳብ ዘዴ የሚመረምር አነስተኛ መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲው አማካይነት አሳተመ።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምሳሌ የውጤት አቀራረብን ለሚያጠና ሰው ዛሬም ይጠቅማል። አንድ ወርክሾፕ ሁለት ክፍሎች ያሉት ዕቃ ያመርታል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ካልተገኘ ዕቃው አይሟላም። ወርክሾፑ 3 ሚሊንግ ማሽኖች፣ 3 ባለ ተሽከርካሪ ራስ ቶርኖዎችና 1 አውቶማቲክ ቶርኖ አሉት። አንደኛው ሠንጠረዥ አቅምን ብቻ ይገልጻል። ሚሊንግ ማሽኖቹ በድምሩ ከአንደኛው ክፍል 30 ወይም ከሁለተኛው 60 ይሠራሉ፤ ባለ ተሽከርካሪ ራሶቹ 60 ወይም 90፤ አውቶማቲኩ 30 ወይም 80። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ውጤቱን ያቀርባል፤ ረድፎቹ ማሽኖች ናቸው፣ ዓምዶቹም ጎን ለጎን ሁለት ዕቅዶችን ይይዛሉ። በቀላሉ መንገድ እያንዳንዱ የማሽን ዓይነት ሁለቱን ክፍሎች በእኩል ቁጥር ይሠራል፤ 20 እና 20፣ 36 እና 36፣ 21 እና 21፣ ድምሩ 77 ሙሉ ዕቃ ነው። በተሻለው ዕቅድ ሚሊንግ ማሽኖቹ 26 እና 6፣ ባለ ተሽከርካሪ ራሶቹ 60 እና ባዶ፣ አውቶማቲኩ ባዶ እና 80 ይሠራሉ፤ ድምሩ 86 ነው። አንድም ማሽን ሳይጨመር ምርቱ ከ11 በመቶ በላይ ያድጋል።

እዚህ ላይ የሠንጠረዡ አደራደር የራሱን ሥራ ይሠራል። የተሻለው ዕቅድ ብቻውን ቢቀርብ 86 የሚለው ቁጥር ለፋብሪካ ኃላፊ ትርጉም አይሰጠውም ነበር። ከለመደው አሠራር አጠገብ ሲቀመጥ ግን ልዩነቱ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ረድፍ በረድፍ ያያል። (ዛሬም የተለዋዋጮችን ስም ከነዋጋቸው ከሶፍትዌሩ እንደወረደ የሚለጥፉ ጥናቶች ይህን ቀላል ጥንቃቄ ይዘነጋሉ።)

ካንቶሮቪች ግን በዕቅዱ ብቻ አላቆመም። ዘዴው ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት ፈቺ ማባዣ ብሎ የሰየመውን ቁጥር ይፈልጋል። ለዚሁ ምሳሌ ሲሰላ የሁለቱ ክፍሎች ማባዣ 2 ለ 1 ይሆናል። በዚህ ሚዛን ሚሊንግ ማሽኖቹ የትኛውንም ክፍል ቢሠሩ 60 ነጥብ ያስገኛሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቢሠሩ ኪሳራ የለውም። ባለ ተሽከርካሪ ራሶቹ በአንደኛው ክፍል 120፣ በሁለተኛው 90 ያስገኛሉ፤ አውቶማቲኩ ደግሞ በአንደኛው 60፣ በሁለተኛው 80። ከሁሉም የሚገኘው ከፍተኛ ድምር 260 ነው፤ አንድ ሙሉ ዕቃ 3 ነጥብ ስለሚመዝን ማንኛውም ዕቅድ 87 ዕቃ ሊደርስ አይችልም። እነዚህ ቁጥሮች ከዕቅዱ አጠገብ ከተጻፉ፣ ስሌቱን ያልሠራ ሰው እንኳ ከ86 የተሻለ እንደሌለ በጥቂት ደቂቃ ያረጋግጣል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። ማባዣዎቹ የዋጋ ጠባይ ነበራቸው፤ ውስን የሆነ ነገር ሁሉ፣ የማሽን ጊዜም ቢሆን፣ መሬትም ቢሆን፣ ዋጋ ያወጣ ነበር። ይህ ደግሞ ዋጋ የሚመነጨው ከጉልበት ብቻ ነው ከሚለው ይፋዊ አስተምህሮ ጋር ተጋጨ። በ1942 ዘዴውን ወደ አገር አቀፍ ዕቅድ ያሰፋበትን መጽሐፍ ረቂቅ አዘጋጀ። በጦርነቱ ዓመታት ሐሳቡን ለመንግሥት የዕቅድ ኮሚቴ ቢያቀርብም ተቀባይነት አላገኘም፤ በስታሊን ዘመን እንዲህ ያለው ክስ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ያውቅ ነበርና ረቂቁን አስቀመጠው። በ1949 የስታሊን ሽልማት የተሰጠው በፈንክሽናል አናሊስስ ሥራው እንጂ በዚህ አልነበረም።

ሆኖም ተግባራዊውን ስሌት ፈጽሞ አልተወውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሒሳብ ሊቁ ቪክቶር ዛልጋለር ጋር በሌኒንግራድ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የብረት ቆረጣን አጠና፤ የጋራ መጽሐፋቸው በ1951 ታተመ። በዚህ ዓይነት ሥራ ውጤቱ የሚደርሰው ለኃላፊ ብቻ ሳይሆን ለቆራጩ ሠራተኛም ጭምር ነው። ቆራጩ የሚያስፈልገው በየትኛው የአቆራረጥ ንድፍ ስንት ብረት እንደሚቆርጥ የሚነግረው ዝርዝር ነው፤ ማባዣዎቹ የሚያገለግሉት አዲስ ንድፍ አዋጪ መሆን አለመሆኑን ለሚመዝነው አስሊ ነው።

ስታሊን ከሞተ በኋላ ሁኔታው ላላ። የ1942ቱ ሥራ በ1959 ሲታተም ማባዣዎቹ ስማቸው ተለውጦ፣ በተጨባጭ ሁኔታ የተወሰኑ ግምቶች ተብለው ቀረቡ። የስያሜው ለውጥ ብልኀት ነበረው፤ ዋጋ የሚለውን ቃል ያስወግዳል፣ ቁጥሩን ግን በቦታው ይተወዋል። በ1960 የ1939ኙ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ፤ ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 አሜሪካ ውስጥ የሲምፕሌክስ ዘዴን ከማቅረቡ በፊት ተቀራራቢ ሥራ እንደነበረ የምዕራቡ ዓለም ተመራማሪዎች በሰፊው ተረዱ። ካንቶሮቪች በዚያው ጊዜ ወደ ኖቮሲቢርስክ ተዛወረ፤ በ1964 የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆነ፤ በ1965 ከኔምቺኖቭና ከኖቮዢሎቭ ጋር የሌኒን ሽልማትን ተጋራ። በ1971 ወደ ሞስኮ ሄደ። በ1975 ከትጃሊንግ ኮፕማንስ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኤፕሪል 1986 በ74 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ ዐረፈ። ፈቺ ማባዣ ያላቸው ቁጥሮች ዛሬ የኦፕቲማይዜሽን ሶፍትዌሮች በሚያወጧቸው ሠንጠረዦች ውስጥ ሻዶ ፕራይስ በሚል ርእስ፣ በየገደቡ ረድፍ ላይ ይታተማሉ።