ሩዶልፍ ዲዝል፦ ከብክነት ጋር የታገለው መሐንዲስ

ዲዝል የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቀኑ እንሰማለን። ቃሉ ግን የሞተር ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። ሕይወቱ ለመምህርም ለሠልጣኝም የሚነግረው ነገር ስላለ በአጭሩ እናቀርበዋለን።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ወላጆች ተወለደ። አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለከበዳቸውም የ12 ዓመቱን ልጅ ጀርመን አገር ኦግስቡርግ ከተማ ዘመድ ዘንድ ላኩት። ያሳደገው ዘመዱ የሒሳብ መምህር ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለዚህ ታላቅ መሐንዲስ መንገዱን የከፈተለት መምህር ነው።

በሙኒክ ፖሊቴክኒክ ሲማር ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ፣ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ጉልበት ከአሥር አንዱን እንኳ በቅጡ እንደማይጠቀምበት አስተማሩት። የቀረው በከንቱ ይባክናል ማለት ነው። ይህ ትምህርት ከልቡ አልወጣም። በ1880 በከፍተኛ ውጤት ተመርቆ፣ በ1892 ለአዲስ ሞተር የፈጠራ መብት ጠየቀ።

ሐሳቡ ምንድነው? የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ ይግላል አይደል? አየር ሲታመቅ ይሞቃል። በሲሊንደር ውስጥ አየሩን በኃይል ካመቅነው ነዳጁ ያለካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ያ የታመቀ አየር ነዳጁን አላስገባም ብሎ መልሶ ይገፋዋል። ታዲያ በምን እናስገባው?

በ1893 በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ፍንዳታው የግፊት መለኪያውን ሰባበረው። ዲዝል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በመጨረሻ ነዳጁን ከዚያ በበለጠ በታመቀ ሌላ አየር እየነፋ ማስገባት ቻለ። በ1897 ሞተሩ ሲመረመር ከነዳጁ ጉልበት 26 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። ይሁን እንጂ አየር መጭመቂያው ሞተሩን ትልቅና ከባድ ስላደረገው ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልተመቸም።

ዲዝል ሀብት አገኘ፤ መልሶም ከሠረና ዕዳ ውስጥ ገባ። በመስከረም 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ሌሊት ጠፋ። አስከሬኑ በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ። ራሱን ገደለ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እርግጡ ግን እስከዛሬ አልታወቀም።

የነዳጁን ጣጣ ያቃለሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። በ1927 የሮበርት ቦሽ ኩባንያ የናፍታ ፓምፕ በብዛት ማምረት ጀመረ። ፓምፑ ናፍታውን ጨምቆ ይልካል፤ ኖዝሉ ደግሞ ግፊቱ ሲበቃ መርፌው ተነሥቶ በጠባብ ቀዳዳዎች እንደ ጉም ይበትነዋል። የናፍታ ሞተር በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ላይ በስፋት የገባው በዚህ ነው።

የኖዝል ቀዳዳ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በመርፌውና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተትም ከፀጉር ውፍረት እጅግ ይቀጥናል። ስለዚህ ለዓይን የማይታይ አቧራ ይፍቀዋል፣ ውሃ ያዝገዋል፣ ጥላሸት ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ናፍታው መበተኑ ቀርቶ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ጠዋት አልነሣም ይላል፣ ያንኳኳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍታ ይበላል። ዝም ከተባለ ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። መፍትሔው ፊልትሮውን በጊዜው መለወጥ፣ ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ንጹሕ ናፍታ መቅዳት፣ ኖዝሉንም በባለሙያ ማስፈተሽ ነው። አረጫጨቱን በእጅ መሞከር ግን ፈጽሞ ክልክል ነው! ግፊቱ ናፍታውን ቆዳ አስበስቶ ሥጋ ውስጥ ያስገባዋል።

ዲዝል ዕድሜውን የፈጀው ብክነትን ለመቀነስ ነው። ኖዝሉ ተደፍኖ በየመንገዱ ጭስ የሚተፋ መኪና የእሱን ድካም መና ያስቀራል። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ትምህርቱን ልጆቹ ከሚያውቁት የብስክሌት ፓምፕ እንጀምር። ከፊታችን ከተቀመጡት መካከል የትኛው ቃላችንን ይዞ እንደሚሄድ አናውቅምና።