ያኩብ ክርቺን፦ አንዱን ውሃ ደጋግሞ ያሠራው ሰው

ስለ ዓሣ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሐይቅ፣ መረብና ጀልባ ነው። በሰው እጅ በተሠራ ኩሬ፣ ያውም ውሃ ሳያባክኑ ዓሣ ማርባት ደግሞ አዲስ ፈጠራ ይመስለናል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። እንደኛው ባሕር በር በሌላት በቼክ ሪፐብሊክ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ኩሬዎች እስካሁን ዓሣ ይሰጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ያሠራው ያኩብ ክርቺን ይባላል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርቺን በ1535 በቦሄሚያ፣ ኮሊን ከተማ አጠገብ በምትገኝ ፖሌፒ በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ከዝቅተኛው የመኳንንት ወገን ነው፤ ስም እንጂ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ወጣት የነበረው አማራጭ በትልቅ ጌታ ቤት ገብቶ በሥራው ማደግ ነው። ክርቺንም በ1560ዎቹ መጀመሪያ የአገሩ ኃያል ባላባት በነበረው በቪሌም ሮዠምቤርክ ቤት የክሩምሎቭ ግንብ አስተዳዳሪ ሆነ። አሥር ዓመት ሳይሞላው የባላባቱ ርስት ሁሉ በእሱ እጅ ገባ።

ጌታው ገንዘብ ይፈልጋል። በትሬቦኝ ከተማ ዙሪያ ያለው መሬት ደግሞ ረግረግ ስለሆነ ለእህል አይመችም። ታዲያ እህል የማይሆን መሬት ምን ይደረግ? ዓሣ ይረባበት! በካቶሊኮች ጾም ሥጋ ሲከለከል ዓሣ ይበላል። በእኛ አገር በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም፤ እዚያ ግን የጾም ወራት ለዓሣ ሻጭ ጥሩ ገበያ ነበር። የሚያረቡት በዋናነት ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ነው፤ በኋላ ወደ እኛም አገር ገብቶ በቆቃና በዝዋይ የሚገኘው ማለት ነው። ካርፕ ጭቃማ ውሃ አያስቸግረውም፤ ከኩሬው ወለል ያገኘውን ትላትልና ጥቃቅን ነፍሳት እየለቀመ ያድጋል።

እውነቱን ለመናገር ክርቺን ከባዶ አልተነሣም። ከእሱ በፊት ሽቴፓኔክ ኔቶሊትስኪ የተባለ ባለሙያ ከ1506 እስከ 1520 ወርቃማው ቦይ የሚባለውን ሠርቶ ነበር። ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ቦይ ከሉዥኒትሴ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ኩሬዎቹን እያጠጣ ይሄድና መልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሞተር የለ፣ ፓምፕ የለ፤ ሥራውን የሚሠራው የመሬቱ ተዳፋት ብቻ ነው። በመከር ዓሣ ለማውጣት የላይኛው ኩሬ ሲከፈት ውሃው ወደ ታችኛው ይወርዳል። ማለትም ውሃው አይጣልም፣ ሥራ ይቀይራል እንጂ። የዚህ አሠራር ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ክርቺን ያንን ዘዴ ይዞ ማንም ያልደፈረውን ደፈረ። ከ1571 እስከ 1573 ትሬቦኝ ከተማ ግንብ ሥር ትልቅ ኩሬ አሠራ። ለዚህ ሲባል የከተማው ዳርቻ ቤቶችና እርሻዎች በውሃ ተዋጡ። ነዋሪው ጮኸ፤ ቦታችን ተወሰደ፣ ግድቡ አንድ ቀን ቢሰበርስ አለ። የሰማቸው ግን አልነበረም። ክርቺን እንዲያውም ለኩሬው ውለታ ቢስ የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። ዛሬ ስሙ ስቭየት ነው፤ ዓለም ማለት ነው።

ከ1584 እስከ 1590 ደግሞ ትልቁን ሮዠምቤርክ ኩሬ አሠራ። ይህኛው የተሠራው ራሱን የሉዥኒትሴን ወንዝ በመገደብ ነው። ወንዙ ሲሞላ ግድቡን እንዳይጠርግ ክርቺን መጀመሪያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አዲስ ወንዝ አስቆፍሮ ትርፉን ውሃ ኔዣርካ ወደሚባለው ወንዝ አዞረው። የግድቡ ርዝመት 2 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ አፈር የተቆፈረውና የተጋዘው በሰው ጉልበትና በእንስሳ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል በግዴታ ለጌታቸው የሚሠሩ ገባሮች ነበሩበት።

ቪሌም በ1592 ሞተ። ክርቺንም በመጨረሻ ዕድሜው በራሱ ርስት ላይ ኖሮ በ1604 አረፈ። በ1611 ደግሞ የሮዠምቤርክ ቤተሰብ ዘር ተቋረጠ። ጌታውም አለፈ፣ አሽከሩም አለፈ፤ ኩሬው ግን ቀረ። ሕዝቡም አልረሳም። በአፈ ታሪክ የክርቺን ነፍስ በግፉ ምክንያት እረፍት አጥታ ሌሊት ሌሊት በግድቡ ላይ ትንከራተታለች ይባላል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በነሐሴ 2002 ከባድ ጎርፍ ቦሄሚያን ሲመታ ሮዠምቤርክ ኩሬ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ውሃ ይዞ ግድቡ ሳይሰበር ቆመ፤ ከታች ያሉ ሰፈሮችንም ከባሰ ጥፋት አዳነ። አያቶቻቸው የረገሙት ሰው የልጅ ልጆችን አተረፈ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ክርቺን ጀግና ነው ወይስ ግፈኛ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው ደግሞ ታሪኩን ማጉደል ነው። ዛሬ በየቦታው የዓሣ ኩሬ ሲመረቅ ዜናችን ስንት ጫጩት ዓሣ እንደተጨመረና ሪባኑን ማን እንደቆረጠ ብቻ ነው። የክርቺን ሕይወት ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ትቶልናል። አንደኛ፣ ውሃው ከኩሬው ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ኩሬው ከመሠራቱ በፊት መሬቱ የማን ነበር? እሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል። ሁለተኛውን ግን አልጠየቀም፤ ስሙ በክፉም የሚነሣው ለዚህ ነው።