የጨረቃን ጉድጓዶች የሰየሙት ካህን

ሙሉ ጨረቃን በትንሽ መነጽር ለሚመለከት ሰው፣ ጠቆር ባለው ሜዳዋ ላይ ጨረሩን ዙሪያውን የዘረጋ አንድ ነጭ ጉድጓድ ጎልቶ ይታየዋል። ኮፐርኒከስ ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት ግን የኮፐርኒከስን ትምህርት ያልተቀበሉ አንድ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው።

አባ ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ በ1598 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ በፌራራ ከተማ ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ፤ በኋላም በፓርማና በቦሎኛ አስተማሩ። ትዕግሥታቸው የሚያስገርም ነበር። የፔንዱለምን ውዝዋዜ ለመለካት ከማኅበር ወንድሞቻቸው ጋር እየተፈራረቁ 24 ሰዓት ሙሉ ቆጥረዋል። በቦሎኛ ካለው የአዚኔሊ ግንብ ላይ ኳሶች እየጣሉም፣ ጋሊሌዮ ስለሚወድቁ ነገሮች ፍጥነት ያስተማረው ትክክል መሆኑን አረጋግጠዋል።

በ1651 አዲሱ አልማጌስት የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መሬት ትንቀሳቀሳለች የሚለውን ሐሳብ የሚደግፉ 49፣ የሚቃወሙ 77 ክርክሮችን መርምረው፣ ፍርዳቸውን ለማትንቀሳቀስ መሬት ሰጡ። ጋሊሌዮ ከተፈረደበት ገና 18 ዓመት ነበርና፣ ይህን ያደረጉት በፍርሃት ነው የሚሉ አልጠፉም። ለእኔ ግን ከክርክሮቹ ብዙዎቹ ከተፈጥሮ ምርምር የተወሰዱ በመሆናቸው፣ ሪቾሊ ከልባቸው የተሳሳቱ ይመስለኛል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ረዳታቸው አባ ፍራንቸስኮ ማሪያ ግሪማልዲ የሣሉት የጨረቃ ካርታ ይገኛል። ሪቾሊ ጥቁሮቹን ሜዳዎች በአየር ጠባይ ስም፣ ጉድጓዶቹን ደግሞ በሊቃውንት ስም ጠሩ። በ1969 ሰዎች መጀመሪያ ያረፉበት የጸጥታ ባሕር የእርሳቸው ስያሜ ነው። ኮፐርኒከስን፣ ኬፕለርንና ጋሊሌዮን በማዕበል ውቅያኖስ አካባቢ አኖሯቸው። ማዕበል ውስጥ መጣላቸው ነው ብለን እንዳንፈርድ፣ ለኮፐርኒከስ የሰጡት ጉድጓድ በጨረቃ ላይ ካሉት እጅግ ከሚያምሩት አንዱ ነው።

ጉድጓዶቹ እንዴት እንደተፈጠሩ በዘመናቸው አልታወቀም ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ከሰማይ የወደቁ አለቶች በታላቅ ፍጥነት ሲመቱ የተከፈቱ መሆናቸው ታውቋል። ኮፐርኒከስ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። በ1969 አፖሎ 12 ካመጣው አፈር በመነሣት፣ ዕድሜው 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

ግሪማልዲ በ1663፣ ሪቾሊ በ1671 በቦሎኛ ዐረፉ። በስማቸው የሚጠሩት ሁለቱ ጉድጓዶች ከዚያው ውቅያኖስ ማዶ፣ በጨረቃ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ የግሪማልዲው ወለሉ ጥቁር ስለሆነ በቀላሉ ይለያል።